ተራ የማይጠበቅበት ሰንጠረዥ

ሁለት ሰዎች በቀይ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ተቀምጠዋል። ጨርቁ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ አግድምና ቁልቁል ተሰፍቶ 64 ቤት ወጥቶለታል፤ ነጭና ጥቁር ተብሎ የተለየ ቤት ግን የለውም። ጨዋታው እንደተጀመረ አንዱ ወታደሩን ወደ ፊት ይገፋል። ሌላው ተራዬ ይድረስ ብሎ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ በዚያው ቅጽበት እሱም ፈረሱን ያወጣል፣ ሁለት ወታደር ያስከትላል፣ የባላጋራውን አሰላለፍ ገልመጥ አድርጎ አይቶ ያወጣውን ፈረስ መልሶ ወደ ሌላ ጎን ያዞረዋል። አንዱ አምስት ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ስምንት ጊዜ ቢያንቀሳቅስ የሚቆጥርበት የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ይቆይና አንደኛው የሌላውን ወታደር ይበላል። ያን ጊዜ ሩጫው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ተራ በተራ ነው።

ይህ የመክፈቻ ምዕራፍ ወረራ ይባላል። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ከሌሎቹ የታወቁ የቼዝ ዓይነቶች ተለይቶ የሚጠቀሰውም በዋናነት በዚሁ ነው። ስለ ሰንጠረዥ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው መኳንንቱ ይወዱት እንደነበረና ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደጠፋ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘላል። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ከውጭ የመጣውን ጨዋታ እንዳለ ተቀብለው ብቻ አልተቀመጡም። ጨዋታው ያለበትን ችግር አይተው በራሳቸው መንገድ ፈቱት። ቼዝ ዛሬም በዓለም ዙሪያ አዳዲስ ደንብ እየተፈለሰፈለት ያለ ጨዋታ ስለሆነ፣ ሰንጠረዥን እንደ ሙዚየም ዕቃ ሳይሆን እንደ ፈጠራ ማየት ተገቢ ነው።

ችግሩ ምን ነበር? ቼዝ በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሕንድ ታወቀ፣ ወደ ፋርስ ተሻገረ፣ ከፋርስም ወደ ዓረቦች ደረሰ። ዓረቦቹ ሻጥራንጅ ብለው ሲጫወቱት ከቁራጮቹ አብዛኞቹ አቅመ ቢስ ነበሩ። ዛሬ ንግሥት በምትቆምበት ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከዚያ አያልፍም፣ ከዚያም አያንስም። ወታደር ከመነሻውም ቢሆን አንድ አንድ ቤት እንጂ ሁለት አይረግጥም። እንዲህ ያለ ሠራዊት እስኪገናኝ ድረስ ጊዜ ይፈጃል። ሁለት ተጫዋቾች ተራ እየጠበቁ ወታደሮቻቸውን አንድ አንድ ቤት ሲያስጠጉ አሥርና አሥራ አምስት እርምጃ ምንም ሳይበላ ሊያልፍ ይችላል።

ለዚህ አንድ ችግር ልዩ ልዩ አገሮች ልዩ ልዩ መፍትሔ አመጡ።

የዓረብ ሊቃውንት መክፈቻውን በቃል አጠኑት። በ10ኛው መቶ ዘመን በአባሲዶች ቤተ መንግሥት የታወቀው ተጫዋችና ጸሐፊ አስ-ሱሊ ከኖረበት ዘመን ጀምሮ ስም የተሰጣቸው አሰላለፎች ይታወቁ ነበር። ተጫዋቹ ከእነዚያ አንዱን መርጦ በታወቀው ቅደም ተከተል ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ እውነተኛው ውጊያ የሚጀመረው አሰላለፉ ካለቀ በኋላ ነው። በርማዎች ደግሞ ሲቱዪን በሚሉት ጨዋታቸው ወታደሮቹን ብቻ በቦታቸው አቁመው፣ የቀሩትን ቁራጮች እያንዳንዱ ተጫዋች ከወታደሮቹ ኋላ እንደፈለገ እንዲያሰልፍ ፈቀዱ። ታይላንዶች የቀድሞውን ደካማ ፈርዝ እስከ ዛሬ ይዘውታል፤ ማክሩክ የሚባለው ጨዋታቸውም ሕያው ነው፣ በየመንደሩ ይጫወቱታል።

አውሮፓውያን ያመጡት መፍትሔ ሌላ ነበር፤ ቁራጮቹን ጉልበተኛ አደረጓቸው። ይህ የሆነበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። በ1475 ገደማ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በስፔን ቫሌንሲያ ከተማ ፍራንሲ ዴ ካስቴልቪ፣ ናርሲስ ቪኞሌስ እና በርናት ፌኖላር የሚባሉ ሦስት ባለቅኔዎች አንድ ግጥም በጋራ ጻፉ። ግጥሙ የአንድ ቼዝ ጨዋታ ታሪክ ነው። ሁለቱ ይጫወታሉ፣ እያንዳንዱ እርምጃ በስንኝ ይነገራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ደንቡ ይናገራል። ንግሥቲቱ እንደ ዛሬው ከዳር እስከ ዳር ስትሄድ በጽሑፍ የተገኘችው መጀመሪያ በዚህ ጨዋታ ነው። በ1497 ሉሴና የሚባል ስፔናዊ በሳላማንካ ባሳተመው የቼዝ መጽሐፍ ውስጥ የአሮጌውም የአዲሱም ደንብ ጨዋታ ጎን ለጎን ይገኛል። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት አሥርተ ዓመታት አዲሱ አሮጌውን ከአውሮፓ አስወጣው።

ኢትዮጵያ በዚያ ጊዜ ምን ላይ ነበረች? ከ1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል በቤተ መንግሥታቸው ከነበረ ቢቺኒ ከሚባል ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበረ ተመዝግቧል። ማስረጃው አጭር ነው፤ ግን ብዙ ይናገራል። ሠዓሊው የመጣው ደንቡ ገና በመለወጥ ላይ ከነበረበት አገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ከእንግዳው ጋር ለመቀመጥ የሚያበቃ የጨዋታ እውቀት ነበራቸው። ስለዚህ ሰንጠረዥ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ሥር የሰደደ ነገር ነበር ብሎ መናገር ይቻላል። ጨዋታው የመጣው በቀይ ባሕር በኩል ከዓረቦችና ከፋርሶች ጋር በነበረው ግንኙነት እንደሆነ ስሙም የቁራጮቹ ስምም ይመሰክራሉ።

በአውሮፓ ንግሥቲቱ ስትገንን በኢትዮጵያ ፈርዝና ፊል ባሉበት ቆዩ። ዘገምተኛውን መክፈቻ ያቀለለው ወረራ ሆነ። አካሄዱ እንደ ዓረቦቹ ቃል ማጥናት የሚጠይቅ አይደለም፤ ተጫዋቾቹን ተራ ከመጠበቅ ነጻ ማውጣት ብቻ ነው የተደረገው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ፣ አንዱ የሌላውን እያየ አሰላለፉን ያርማል፣ የታሰበው ሁሉ ፊት ለፊት እየታየ ይለዋወጣል። የተጠና መክፈቻ በዚህ ቦታ ዋጋ የለውም፤ ባላጋራው ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። የመጀመሪያውን ወታደር የሚበላው ሰው ደግሞ ሰዓቱን መረጠ ማለት ነው። ገና ያልተሰናዳ ባላጋራ ላይ ቶሎ በልቶ ሩጫውን መቁረጥ ይሻላል ወይስ የራስን ሠራዊት አሟልቶ መጠበቅ? ይህን መመዘን በዛሬው ቼዝ ውስጥ የሌለ ጥበብ ነው።

የቁራጮቹ አቋቋምም የራሱ መልክ አለው። እያንዳንዱ ተጫዋች ንጉሡን ከመካከለኛው መስመር በስተቀኝ፣ ፈርዙን በስተግራ ያቆማል። ስለዚህ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የአንዱ ንጉሥ የሚያየው የሌላውን ፈርዝ ነው። ከእነሱ ወዲያና ወዲህ ሳባ ተብሎም የሚጠራው ፊል፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ በየማዕዘኑም ደር ይቆማል። ደር ቀጥታ መንገዱ እስከተከፈተለት ድረስ ይሄዳል። ከፊት የሚሰለፉት ስምንቱ ወታደሮች መደቅ ይባላሉ። አንድ መደቅ ከባላጋራው የመጨረሻ መስመር ቢደርስ ከዚህ ቀደም የተበላውን የአንዱን ቁራጭ ማዕረግ ይወስዳል።

ከእነዚህ ሁሉ ፊል ቀረብ ብሎ ሊታይ ይገባዋል። አንድ ፊል በባዶ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ እንደልቡ ቢዘል ከ64ቱ ቤት የሚደርሰው 8 ላይ ብቻ ነው። የሁለቱ ወገን አራት ፊሎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው 8 ቤት አላቸው፤ የአንዱ ከሌላው ጋር በፍጹም አይገጥምም። ስለዚህ ፊል ፊልን ሊበላ አይችልም። አራቱ ተደምረው 32 ቤት ይሸፍናሉ፤ በቀሩት 32 ላይ ግን ንጉሥ ያለ ስጋት ሊቆም ይችላል፣ ዝሆን አይደርስበትም። በዚህ ቁራጭ ንጉሥን መውጫ ማሳጣት ትዕግሥትም ስሌትም የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር ድልን በደረጃ ከፋፈሉት። በደር ወይም በፈረስ ማት ማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ ማሳጣት፣ እንደ ተራ ነገር ይታይ ነበር። በፊል ወይም በፈርዝ ያደረገ ይመሰገናል። በወታደር ያደረገ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይወደሳል። ከዚህም ሌላ ጨርቁን ጠርጎ ባላጋራውን ንጉሡን ብቻ ይዞ እንዲቀር ያደረገ ሰው አሸናፊ አይባልም፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግምና። ጉልበተኛው ተጫዋች ለተሸናፊው ቁራጭ እየተወ፣ እየቆጠበ፣ በቀረው ሠራዊት መካከል ንጉሡን መያዝ አለበት። ስግብግብ ተጫዋች ሁሉን በልቶ ድሉን ያጣል። ዛሬ አዲስ ጨዋታ የሚነድፉ ሰዎች የበረታው ይበልጥ እየበረታ ጨዋታው እንዳይሰለች ምን ደንብ እናብጅ ብለው ይጨነቃሉ። ሰንጠረዥ ያን ጥያቄ በዚህ ደንብ መልሶታል።

ጨዋታው እንዴት ይጫወቱት እንደነበረ የሚያሳይ ሥዕል ያስቀረልን እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ነው። ሶልት በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ እንደርታ ውስጥ ሕንጣሎ ላይ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተገናኘ። ራስ ወልደ ሥላሴ በዘመኑ ከአገሪቱ ኃያላን መካከል ነበሩ፤ ሰንጠረዥም ይወዱ ነበር። ሶልት የጻፈው ከጸጥተኛው የአውሮፓ ቼዝ ጋር በፍጹም አይመሳሰልም። ቁራጮቹ ትልልቅና ወፍራም ናቸው። ተጫዋቹ የባላጋራውን ቁራጭ ሲበላ በእጁ አንስቶ ወደ ጎን አያኖረውም፤ በራሱ ቁራጭ በኃይል መትቶ ከቦታው ያሽቀነጥረዋል። ጫጫታው ደግሞ ሌላ ነው። በዙሪያው የተቀመጡት መኳንንት ሁሉ ይጮኻሉ፣ ይመክራሉ፣ ይከራከራሉ። ባሪያዎቹ እንኳ ሳይቀሩ በጨዋታው ላይ ድምፅ ነበራቸው።

ሶልት ይህን ሲጽፍ ትንሽ የተገረመ ይመስላል፤ መኳንንቱ በመጨረሻ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጉ እንደነበረም አልሸሸገም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጨዋታው የሁለት ሰዎች ብቻ እንዳልነበረ ማየቱ ነው። በአደባባይ ሊናገር የማይደፍር ሰው በሰንጠረዥ ጨርቅ ዙሪያ ይህን ሂድ፣ ያን ተው እያለ ለጌታው ያዝዛል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ደንቡም በዚያው መንገድ እንደበሰለ መገመት አይከብድም። ወረራን አንድ ሊቅ ቁጭ ብሎ አልፈለሰፈውም፤ እንዲህ ባለ ጉባኤ ውስጥ፣ በክርክርና በተደጋጋሚ ጨዋታ፣ የሚያስደስተው እየቀረ የሚያሰለቸው እየተጣለ የመጣ ነው የሚመስለው።

ከሶልት በኋላ የመጣው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። ፕላውደን በ1860 በጎንደር አቅራቢያ ቆስሎ ተይዞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ጽሑፉን ወንድሙ አሰናድቶ በ1868 አሳተመው። የሰንጠረዥን አካሄድና ደንብ ዘርዝሮ ካስቀመጡት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የእሱ ነው። መሪ የሚባለው የቼዝ ታሪክ ጸሐፊም በ1913 ባሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ ውስጥ ለአቢሲኒያ ቼዝ ቦታ ሰጥቶታል።

ሴቶችም ከጨዋታው አልራቁም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል ግጥም ከመግጠማቸውና በገና ከመደርደራቸው ሌላ በሰንጠረዥ ብርቱ እንደነበሩ ይነገርላቸዋል።

ታዲያ እንዴት ጠፋ? የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ሰንጠረዥ የከሰመው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባለው ጊዜ እንደሆነ ጽፏል። ምክንያቱን ለመረዳት ጨዋታው የት ይኖር እንደነበረ ማስታወስ ይበቃል። ሰንጠረዥ የሚኖረው በመኳንንቱ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ከዝሆን ጥርስና ከቀንድ የተሠሩ ቁራጮች፣ የተሰፋ ጨርቅ፣ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚመለከት ጉባኤ ይፈልጋል። በ1936 አገሪቱ ስትያዝ ያ አዳራሽ ፈረሰ። መኳንንቱ ገሚሱ በጦር ሜዳ ወደቀ፣ ገሚሱ ዱር ገባ፣ ገሚሱ ተሰደደ ወይም በግዞት ወደ ጣሊያን ተወሰደ። ከአምስት ዓመት በኋላ ነጻነት ሲመለስ አዲሱ ትውልድ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማረው የአውሮፓን ቼዝ ነው። ገበጣ በዚያው ዘመን አልሞተም። ገበጣ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር መጫወት ይቻላል፤ እረኛም ልጅም ይጫወተዋል። የአንድ መደብ ብቻ የሆነ ጨዋታ ግን ያ መደብ ሲበተን አብሮ ይበተናል።

ከመጥፋቱ በፊት የቀረውን እውቀት ሰብስቦ ያቆየልን ይኸው ፓንክኸርስት ነው። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበር። በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ በዓለም ላይ ወረራ የሚባለውን ቃል የሚያውቅ የቼዝ ወዳጅ ሁሉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የዚያ ጽሑፍ ባለዕዳ ነው። የእሱ ሥራ ባይኖር ኖሮ ከጥቂት የውጭ ተጓዦች ገጾች በቀር በእጃችን የሚቀር ነገር አይኖርም ነበር።

በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ እየጠፋ ሳለ በሌላው ዓለም የቼዝን ደንብ መለዋወጥ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ነበር። ነገሩ ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። በ1617 ካሬራ የሚባል የሲሲሊ ቄስ የቼዝ ሰሌዳውን ወደ ጎን አስፍቶ ሁለት አዳዲስ ቁራጮች ጨመረበት፤ አንዱ የፈረስንና የማዕዘኑን ቁራጭ ጉልበት፣ ሌላው የፈረስንና በሰያፍ የሚሄደውን ቁራጭ ጉልበት አጣምሮ የያዘ ነው። በ1874 እንግሊዛዊው ሄንሪ በርድ እነዚያኑ ሁለት ቁራጮች በሌላ አሰላለፍ መልሶ አመጣቸው። በ1920ዎቹ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ፣ ሊቃውንቱ ከመጠን በላይ ስላወቁ ቼዝ በእኩል ውጤት ማለቅ ያበዛል ብሎ ፈርቶ ያንኑ ሐሳብ አነሣ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት መቶ ዓመት፣ አንድ ሐሳብ ነው፤ አንዱ ሌላው ካቆመበት እያነሳ ያሻሽላል።

እንግሊዛዊው ቶማስ ዶውሰን ይህን ሥራ የብዙ ሰው አደረገው። በ1913 አንድ ቁራጭ ዘልሎ ከኋላው ባለው ቤት የሚያርፍ ፌንጣ የሚባል ቁራጭ ፈጠረ፤ በ1925 ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ የሚዘል ፈረስ ጨመረ። ለእንዲህ ዓይነት ቼዝ ብቻ የተዘጋጀ መጽሔት ለብዙ ዓመታት አዘጋጀ፤ ከልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ሰዎች የፈጠሩትን በፖስታ እየላኩ፣ የሌላውን እየፈተሹ፣ ስሕተቱን እያወጡ ይጽፉበት ነበር። በ1960 በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ ማኅበር ደግሞ አባላቱን በፖስታ ካርድ አዳዲስ የቼዝ ዓይነቶች ያጫውት ነበር። አንድ እርምጃ ለመላክ ቀናት ይወስዳል፤ አንድ ጨዋታ ወራት ይፈጃል። እንዲህም ሆኖ አዲስ ደንብ የሚፈተነው በጨዋታ እንጂ በወሬ አልነበረም። በ1994 ዴቪድ ፕሪቻርድ ያዘጋጀው የቼዝ ዓይነቶች ኢንሳይክሎፒዲያ ከ1,400 በላይ ዓይነቶችን መዝግቧል።

ከእነዚህ ፈጣሪዎች መካከል አሜሪካዊው ራልፍ ቤትዛ የሠራው ሥራ ከሰንጠረዥ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ቤትዛ ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ሠራዊት ይዘው በእኩል አቅም የሚዋጉበት ቼዝ ለመሥራት ብዙ ደከመ። ለዚያ ደግሞ የእያንዳንዱን ቁራጭ አካሄድ ከጥቂት መሠረታዊ እርምጃዎች የሚገነባ አጻጻፍ አበጀ፤ ዛሬ የቼዝ ዓይነት የሚነድፉ ሰዎች በሰፊው ይጠቀሙበታል። ከመሠረታዊዎቹ እርምጃዎች አንዱ በሰያፍ አንድ ቤት መራመድ ነው፤ ፈርዝ ይባላል። ሌላው በሰያፍ ሁለት ቤት መዝለል ነው፤ በዓረብኛ ስሙ አልፊል ይባላል። ሕንጣሎ ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ በኃይል እየመቱ ያሽቀነጥሯቸው የነበሩት ቁራጮች፣ ከዛሬው መደበኛ ቼዝ ቢወጡም፣ አዲስ ቼዝ ለሚፈጥሩት የፊደል ገበታ ሆነዋል።

ወረራስ? አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር በሰኔ 1996 በቡዌኖስ አይረስ ያወጀው አዲስ ቼዝ የኋላው መስመር ቁራጮች ቦታ በዕጣ የሚወጣበት ነው፤ 960 ዓይነት አሰላለፍ ይቻላል። ፊሸር የተነሳው በተጠኑ መክፈቻዎች ላይ ነበር። ተጫዋቾች ሃያ እርምጃ በቃል ሸምድደው መጥተው ማሰብ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ መሆኑ አስመርሮታል። በ2019 የፊሸር ቼዝ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሥር የዓለም ሻምፒዮና ተደረገለት፤ ኖርዌይ ላይ ዌስሊ ሶ ማግነስ ካርልሰንን አሸነፈ። በ2020 የቀድሞው ሻምፒዮን ክራምኒክ ዲፕማይንድ ከተባለው ኩባንያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ዘጠኝ የተለወጡ ደንቦችን አልፋዜሮ በተባለው ፕሮግራም አስፈተነ። እዚያም ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ የመክፈቻ ሽምደዳ ነበር።

አውሮፓ ቁራጮቹን ጉልበተኛ በማድረግ ዘገምተኛውን መክፈቻ ፈታች፤ ከ500 ዓመት በኋላ ግን ያ መፍትሔ ሌላ ችግር ወለደ። በዕጣ የሚወጣ አሰላለፍ አንዱ መድኃኒት ነው። ወረራ ሌላው ነው፤ ከዕጣም ይልቅ ወረራ ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል። ዕጣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት እንግዳ አሰላለፍ ይሰጣቸዋል። ወረራ ግን አሰላለፉን ራሳቸው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ እንዲፈጥሩት ያደርጋል።

ይህን ወደ ዛሬ ለማምጣት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ለአንድ ሰው የሚሆን አይደለም። ወረራን በስልክ ወይም በኮምፒውተር ለማጫወት የሚነሳ ፕሮግራመር ወዲያው ጥያቄዎች ይገጥሙታል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢበሉ የማን ይጸናል? ከመጀመሪያው መብላት በኋላ ተራው የማን ይሁን? አንዱ መቶ ጊዜ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ዝም ቢል ገደብ ይኑር ወይስ አይኑር? በጨርቅ ዙሪያ ተቀምጦ ሳለ እነዚህን የሚዳኘው ጉባኤው ነበር። ዛሬም መልሱ የሚገኘው ብዙ ሰው ሲጫወት፣ ሲከራከርና ደንቡን ሲሞክር ነው። የዶውሰን ዘመን ሰዎች በፖስታ ያደረጉትን የአዲስ አበባ፣ የመቀሌ፣ የባሕር ዳር ወጣቶች በአንድ ምሽት ሊያደርጉት ይችላሉ።

ለመጀመር ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። ተራ የቼዝ ሰሌዳ ይበቃል። ንጉሡን በቀኝ አቁሙ፤ ንግሥቲቱን በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ አራምዷት፤ በሰያፍ የሚሄዱትን ሁለቱን ሁለት ቤት አዝልሏቸው፤ ወታደሮቹን ከመጀመሪያው አንድ አንድ ቤት ግፏቸው፤ እስከ መጀመሪያው መብላት ድረስም ተራ አትጠብቁ። ከአያት ከቅድመ አያት የቀረ የሰንጠረዥ ቁራጭ ወይም የተሰፋ ጨርቅ በቤታችሁ ካለ ደግሞ አትጣሉት፤ ፎቶግራፍ አንሱት፣ የማን እንደነበረ የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ጠይቁና ጻፉ፣ ስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አሳዩት።